ቅይጥ አንቀበልም

ጋራዣችን በር ላይ አባቴ በቀይ ቀለም የጻፈው ማስታወቂያ አለ። «ቅይጥ አንቀበልም» ይላል። ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። አንዴ አንዲት ሴትዮ ገብታ «የምን ቅይጥ ነው፣ የዘይት?» ብላ ጠይቃው አባዬ ምሳውን ሳይበላ ውሏል።

ነገሩ ቀላል ነው። እኛ የምናድሰው ያረጁ የጃፓን ሞተር ሳይክሎችን ነው፤ ትንንሾቹን፣ ሃምሳና ሰባ ሲሲ የሆኑትን። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን የአንዱ የኋላ መብራት ትንሽና ክብ ነው፣ የሌላው ሰፊና አራት ማዕዘን። የአንዱ ባትሪ ስድስት ቮልት ነው፣ የሌላው አሥራ ሁለት። የአንዱ ፍሪሲዮን ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ ይጨመቃል፣ ሌላው ጭራሽ የእጅ ፍሪሲዮን የለውም። ሰዉ ደግሞ ዕቃ ሲጠፋበት የአንዱን ሞተር በሌላው ሻንሲ፣ በብረት አጽሙ ላይ ይጭንና «ኦሪጅናል ነው» እያለ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይመጣል። ቅይጥ የምንለው ይህንን ነው።

አባዬ ቅይጥ ካየ ደሙ ይፈላል። ሰፈሩ «ዳኛው» ያለው በከንቱ አይደለም። ቁጢጥ ብሎ የሻንሲውን አንገት ላይ የተመታውን ቁጥር ያያል፣ እጁን ከሞተሩ ሥር ሰዶ ይዳብሳል፣ ከዚያ ፍርድ ነው። «ሞተሩ የዚህ አይደለም። ውሰደው!» ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ፤ ዓይኑንም ቁጣውንም አውርሶኛል። እማዬ «ሁለት ዳኛ በአንድ ቤት፣ እኔ ተከሳሽ» ትላለች።

ባለፈው ዓመት አባዬን ስትሮክ መታው። እግሩ እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰለት፣ አንደበቱም ተረፈ። ግራ እጁ ግን እምቢ አለ። አንድ ነገር ይደግፋል፣ እጀታ ላይ ያርፋል፤ ጣቶቹ ግን ጨብጠው መጭመቅ አይችሉም። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ ባትጠብቁ ይሻላል» አለን።

ከሆስፒታል የመጣ ዕለት ቀጥ ብሎ የሄደው ወደ ቀዩ ሞተር ሳይክሉ ነው። እማዬን ሳያገባ የገዛው ነው፤ አንዲት ብሎን እንኳ የሌላ ሞዴል የለበትም። ግራ እጁን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጎ ጨመቀ። ንቅንቅ አላለም። ጥርሱን ነክሶ ደገመው። ከዚያ «ሽጡት» አለና ከጋራዡ በላይ ወዳለው ክፍል ወጣ። በቃ፣ ወጣ ነው። አልወረደም። እማዬ ሳህን ይዛ ትገባለች፣ ያንኑ ሳህን ይዛ ትወጣለች። ደንበኛ ሲመጣ በመስኮት እንኳ አያይም። ቅይጥ ሲመጣ እኔ እየጮህኩ አባርራለሁ፤ እሰማው እንደሆነ ብዬ ቀና ስል፣ ላይ ቤት ጸጥ። ዳኛው ዝም አለ! አባቴ በቁሙ ከእጃችን እየሾለከ ነበር፣ እኔም ፈራሁ።

መላውን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዳቦ የሚያከፋፍለው በዚያ መሃሉ ዝቅ ባለው፣ የእጅ ፍሪሲዮን በሌለው ሞዴል ነው። ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ፣

«እትዬ» አለኝ፣ «የእኔ ማርሹን በእግሬ ስረግጠው ፍሪሲዮኑን ራሱ ይለቅ የለ? የዚህ ዓይነቱ ሞተር ከአባዬ ሻንሲ ላይ አይገባም?»

ይገባል። ማሰሪያው አንድ ነው። ሰዉ የሚቀይጠውስ ለዚህ አይደል?

«አባዬን ቅይጥ ላይ? አንተ ልጅ ጤና አለህ?»

«እሺ፣ ኦሪጅናሉ ታች ቆሞ ይብራ፣ እሱ ላይ ቤት ተኝቶ ይሙት።»

በእጄ የነበረውን የዘይት ጨርቅ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ነገረኛ ነው እንጂ አልዋሸም።

ከዕቃ ቤት እንደ ወንድሜ ያለ የእጅ ፍሪሲዮን የሌለው የተሰበረ አሮጌ አውጥቼ ሞተሩን ፈታሁ። የቀዩን ኦሪጅናል ሞተር ዘይት አጠጥቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አስተኛሁት፤ እንደ ሕፃን። የአሮጌው ሞተር ማሰሪያ ልክ ገባ። የቀረው ግን ሁሉ ጣጣ ነበር። ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አፉ በሌላ አቅጣጫ ስለሚያይ ማስገቢያውን መቀየር ግድ ሆነ። ስድስት ቮልት የለመደው መብራት አሥራ ሁለት ጠጥቶ እንዳይቃጠል አምፖሎቹን ሁሉ ለወጥኩ። ማርሹ ወደ ፊት ሲረገጥም፣ በተረከዝ ወደ ኋላ ሲረገጥም እንዲሠራ ባለሁለት ክንፍ መርገጫ ገጠምኩ። ወንድሜ ዳቦውን አድርሶ ሲመለስ ብሎን ያቀብለኛል፣ ይቀልዳል፣ ይሰደባል።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን ልቤ ፈራ። አባዬ ይህን ቢያይ ምን ይላል? አንዴ «ቅይጥ» ካለ አለቀ፤ ዳግመኛ ደረጃውን አይወርድም። ስለዚህ የፍሪሲዮኑን መያዣ መሪው ላይ መልሼ ገጠምኩት። ሽቦውንም በቦታው አወረድኩና ጫፉን ከሞተሩ ሥር ደብቄ አሰርኩት። ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ እንዲያው ለመልክ። ወንድሜ አይቶ «እትዬ፣ ዳኛውን ልትሸውጂ?» አለኝ። «አንተ ዝም በል፣ ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ጠዋት ሞተሩን ግቢው መሃል አስነሳሁት። ነዳጁን ገና ከማስተካከሌ ላይ ቤት መስኮቱ ብርግድ አለ።

«ያ ድምፅ የማን ነው?»

ወንድሜና እኔ ተያየን። እማዬ ከወጥ ቤት ማንኪያዋን እንደያዘች ወጣች።

«የአንተ ነው፣ አባዬ!» አልኩ።

«የእኔ? የእኔ እንዲህ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ማንን ነው የምታሞኚው!»

ሞተሩን አጠፋሁ፤ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማን። አንድ እግር፣ ከዚያ የሚጎተተው ሌላኛው። በፒጃማው ነው የወረደው። ወንድሜ ሊደግፈው ሲል «ዞር በል ከፊቴ» አለው። ወንድሜም በደስታ ዞር አለ።

አባዬ የሞተር ሳይክሉን ወንበር በቀኝ እጁ ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«የሞተሩ ቁጥር የሌላ ነው» አለ። «ካርቡሬተሩ ዞሯል። መርገጫው ባለሁለት ክንፍ! ማነው ይህን ያደረገ? አምፖሉስ? አሥራ ሁለት ቮልት ነው አይደል? ማርሚታው፣ ጭስ ማውጫው ብቻ ነው የእኔ፣ እሱንም አጥቁራችሁታል!» ድምፁ እየጎላ ሄደ። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ አለ። እማዬ ማንኪያዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ትስቃለች፤ ሁለቱንም። ስንት ወር ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ «ውሃ» እና «ተዉኝ» ብቻ ነበር የሚወጣው። እንደዚያን ዕለት መሰደብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከዚያ ተነሣና መሪውን ያዘ። በቀኝ እጁ ተሻግሮ የፍሪሲዮኑን መያዣ ሳብ አደረገው። ያለ አንዳች ክብደት እጥፍ አለ። ለቀቀው። ደግሞ ሳበው። ሽቦውን በዓይኑ እስከ ሞተሩ ሥር ተከተለው።

«ይሄስ?» አለኝ።

«ለመልክ ነው፣ አባዬ።»

«ለማን መልክ?»

«ለአንተ!» ጮህኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ቅይጥ ነው ብለህ እንዳትተወው! እንድትወርድልን ፈልጌ ነው! ግራ እጅህ አይችልም፣ ታዲያ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልይህ?»

ግራ እጁን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ዕድሜዬን ሙሉ የተናደድኩት በመቀየጡ መስሎሽ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «የቸገረው ሰው ይቀይጣል። እኔን የሚያቃጥለኝ ቀይጦ ሲዋሸኝ ነው። ይኸው እኔም ራሴ ግራ ጎኔ የሌላ ሰው ነው። ልደብቀው?»

ጣቱን ወደ ፍሪሲዮኑ መያዣ ቀሰረ።

«ፍቺው» አለኝ። «ቅይጥ እነዳለሁ። ውሸት አልነዳም።»

መያዣውን ከነሽቦው ፈታሁት። አባዬ ሞተር ሳይክሉ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ግራ እጁን አንሥቶ እጀታው ላይ አስቀመጠው፤ ያ መጭመቅ የተሳነው እጅ ለማረፍ አላቃተውም። ማስነሻውን በቀኝ እግሩ መታው፣ ሞተሩ ተነሣ። ማርሹን ረገጠ። ሞተር ሳይክሉ አንዴ ዘለል አለና ሄደ። ግቢውን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ ሦስተኛው ላይ በሩን አልፎ መንገድ ወጣ።

«ኧረ ሰውዬ፣ በፒጃማ!» እማዬ ጮኸች። ወንድሜ የዳቦ ሞተሩን አስነሥቶ ከኋላው ተከተለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያንን የራሱን የማይመስል ድምፅ እስኪርቅ ሰማሁት፤ እስኪመለስም ጠበቅኩት።

ሲመለስ ፊቱ በአቧራ ተሸፍኗል፤ ጥርሱ ብቻ ይታያል። «ማርሚታውን አጽጂው» አለኝ ገና ሳይወርድ።

«ማስታወቂያውስ? ላውርደው?» አልኩት።

«ለምን ይወርዳል? ከፊቱ ‹የተደበቀ› ብለን እንጨምርበት።»

ቀዩን ቀለም አመጣሁለት። ቡሩሹን ልይዝ ስል ከለከለኝ። በቀኝ እጁ ራሱ ጻፈው፤ ፊደሎቹ ትንሽ ወደ ታች ዘምመዋል። የቀለሙን ጣሳ ደረቱ ላይ ደግፎ የያዘው ግራ እጁ ነበር።