ከመቶ በታች

ሰይፈ ሚካኤል መቱ ውስጥ ስሙ የተጠራ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ችኮላው ግን አያድርስ! ደም መመርመሪያ ማሽናቸው ዶስ በሚባል የዱሮ ፕሮግራም የሚታዘዝ አንድ ክሊኒክ ነበር። ኮምፒውተሩ ተቃጠለና ፕሮግራሙን ወደ አዲስ ኮምፒውተር እንዲያዛውርላቸው ጠሩት። ፕሮግራሙም አሻፈረኝ አለ። በትንሽ መስኮት ሲከፍተው ፊደሉ ይዘበራረቃል፣ ሙሉ እስክሪን ሲያደርገው ድርግም ብሎ ይጨልማል። ሴቲንጉን ነካካ፣ አጠፋ፣ አበራ። በመጨረሻ ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፊደላት ብቅ ሲሉ "በቃ፣ ሠራ!" ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። በግራ ጠርዝ በኩል የየመስመሩ መጀመሪያ እንደተቆረጠ አይቷል። አይቶ ሲያበቃ "አንዲት ፊደል ብትጎድል ምን ይመጣል?" አለ። አይ ሰይፈ!

በማግስቱ ጠዋት ለምርመራ ከመጡት አንዷ የገዛ እናቱ ነበሩ፤ እትዬ ወለተ ማርያም፣ ከመቱ ወጣ ብላ ካለችው ከኖፓ። ስኳር አለባቸውና ኢንሱሊን በየቀኑ ይወጋሉ። ከፋሲካ ወዲህ ግን ጠበል እየተጠመቁ "ድኛለሁ፣ መርፌው ይብቃኝ" ማለት ጀምረዋል። ልጅየው ሲለምን ሲቆጣ ከርሞ፣ ሲሰለቸው "እሺ እማዬ፣ ማሽኑ ይፍረድ። ከመቶ በታች ከሆንሽ ተዪው" ብሏቸው ነበር። እንደማይሆን እርግጠኛ ሆኖ ነው እንዲህ ያለው።

የላቦራቶሪዋ ኢብሴ ውጤቱን ከእስክሪኑ ላይ አነበበች፤ ዘጠና አራት። እትዬ ወለተ ማርያም ክሊኒኩን በእልልታ ቀወጡት። ውጤቱን አብሯቸው ሲጠብቅ የነበረው ሰይፈም እንባው መጣ፣ አቅፎ ሳማቸውና ሚኒባስ ላይ አሳፈራቸው።

ከምሳ በኋላ የረሳውን ፒንሳ ሊወስድ ተመለሰ። ኢብሴ እየሳቀች ተቀበለችው።

"ምን ዓይነት ማሽን ነው ያደረግክልን? ዛሬ እኮ መቶ የሞላ ሰው የለም! ጋሽ ኩማ፣ ከሦስት መቶ ወርደው የማያውቁት፣ ሰማንያ ወጣላቸው።"

አብሯት ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ የተቆረጠችው ፊደል ትዝ አለችው።

በደረቱ እየገፋት እስክሪኑ ጋ ደረሰና ከጠርዙ ሥር ያለችውን ማስተካከያ ተጫነ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣና ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። አዲሱ እስክሪን የዱሮውን ፕሮግራም ስፋት አሳስቶ ስላነበበ የግራውን ጠርዝ ውጦት ኖሯል። ውጤቱ ደግሞ የሚጻፈው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። እያንዳንዱ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ፊት ፊቱን ተቆርጦ ነበር። ኢብሴ የጠዋቶቹን መልሳ ከፈተች።

"ያ ዋቃዮ! አምላኬ!" ብላ ራሷን ያዘች። የእናቱ ሦስት መቶ ዘጠና አራት ነበር።

እሷ ለተመርማሪዎቹ አንድ በአንድ መደወል ያዘች። የእናቱ ስልክ ዝግ ነው። ሰይፈ ከክሊኒኩ ኢንሱሊንና ሲሪንጅ ይዞ ሞተሩን ወደ ኖፓ አስነሳ። ጭቃው ያንሸራትተዋል፣ እሱ ግን የታየው የእናቱ አስከሬን ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው እንዳይሆን፣ እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ ለሚካኤል ይሳል ነበር።

ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። እትዬ ወለተ ማርያም መሀል ተቀምጠው ይመሰክራሉ። ፊታቸው በርቷል፤ ከንፈራቸው ግን ተሰነጣጥቋል። አንድ ቃል ተናግረው አንድ ጣሳ ውኃ ይጨልጣሉ።

"ና ልጄ፣ አንተም መስክርልኝ! የመድኃኒቱን ብልቃጦች ድንጋይ ላይ ሰባበርኳቸው።"

"እማዬ፣ እንግባና ልንገርሽ።"

"እዚሁ ተናገር። የእግዜር ሥራ ምን ይደበቃል?"

"የእግዜር አይደለም፣ የእኔ ነው። እስክሪኑ ቁጥሩን ቆርጦት ነው። አልወረደልሽም፣ አራት መቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።"

እናትየው አፈጠጡበት።

"ማሽኑ ይፍረድ ያልከው አንተ አይደለህ? ፈረደ! አሁን አንተ ከየት የመጣህ ይግባኝ ባይ ነህ?"

ሊነሱ ሲሉ ተንገዳገዱ፤ ሮጦ ደገፋቸው። ትንፋሻቸው፣ ስኳር ሲብስ እንደሚሆነው፣ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል።

"እማዬ፣ ፈራሁ። እንዳትሞቺብኝ ፈራሁ!"

እናትየው ቀሚሳቸውን ከክንዳቸው ላይ ሰበሰቡለት። ኢንሱሊኑን ወጋቸው።

"ከጠዋት ጀምሮ ድኜ ነበር እኮ" አሉት ቀስ ብለው። "እስኪመሽ እንኳ ብትተወኝ ምን ነበረበት?"

አንስቶ ሞተሩ ላይ አስቀመጣቸው፣ በነጠላቸው ከወገቡ ጋር አሰራቸውና ወደ መቱ ክሊኒክ ነዳ። ጭንቅላታቸው ጀርባው ላይ ወድቋል። በየኩርባው "እማዬ! እማዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?" ይላል። አይመልሱለትም። ተቀይመውት ይሁን፣ አቅም አጥተው፣ ዞሮ ለማየት ድፍረት አልነበረውም።