ይታገሱ አንዳርጋቸው የሚባለው ሰው

የስምንተኛ ክፍል ካርዴን አሳይ ተብዬ የተጠየቅሁት ካገኘሁት ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ነው። አማካይ ሰባ ስምንት አምጥቼ ወደ ወናፌ ስመለስ «ቀጥቃጭ ተምሮ ምን ሊሆን» ያሉ ሰዎች ዛሬም መርሳ ውስጥ አሉ። ስማቸውን አንድ በአንድ መጥራት እችላለሁ፤ ግን ነገሬ ከእነሱ ጋር አይደለም።

አባቴ መላኩ ብረት ሲቀጠቅጥበት ከነበረው ቦታ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ እኔም ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፤ ኋላም መብራት ሲገባ የበርና የመስኮት ብየዳ። ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ግድግዳዬ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። በአንድ ወር ልቀቅ ማለት ነው። ብረት ሠሪዎች ከከተማው ጀርባ መብራት ያለው የቆርቆሮ ሼድ ይሰጣችኋል ተባልን። ከዚያ ውጭ መሥራት አይቻልም፤ ሼድ ያላገኘ መዶሻውን ይስቀል። የተጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ መታወቂያና የስምንተኛ ክፍል ካርድ።

ሁለቱም አሉኝ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ከእኛ ብረት ሠሪዎች መሀል ስምንተኛን የጨረሰ ስንት አለና። ተቃዋሚ ካለ ተብሎ ስማችን እንደየካርዳችን ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ውጤት ልሰማ ማዘጋጃ ቤት ብሄድ፣ መዝጋቢዋ ሜሮን ፋይሌን ገልጣ ሁለቱን ወረቀቶች ወደ እኔ አዞረች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ስትናገርም በጨዋነት ነው።

«ጋሼ፣ መታወቂያዎ ይታገሱ መላኩ ይላል። ካርዱ ግን የይታገሱ አንዳርጋቸው ነው።»

«ሁለቱም እኔ ነኝ።»

«እንዴት ሁለቱም?»

«መላኩ አባቴ ነው። አንዳርጋቸው የክርስትና አባቴ ነው። ትምህርት ቤት የተመዘገብሁት በእሱ ስም ነው።»

«ለምን በእሱ ስም?»

ከኋላዬ አሥራ አምስት ሰው ተሰልፏል። ለምን እንደሆነ በምን አፌ ልንገራት። አንዳርጋቸው እዚያው አቅራቢያችን ያለው የግራና መንደር ሰው ነበር፤ ደህና መሬት ያለው፣ የተከበረ ገበሬ። ክርስትና ያነሳው ልጅ የቀጥቃጭ ልጅ ተብሎ መዝገብ ላይ መስፈሩ ስላሳፈረው ነው አባቴን ፍቆ ራሱን የጻፈ፤ እኔ የማውቀው ይህን ነበር። ዝክር ሲያወጣ አባቴና እኔ ከአጥሩ ሥር እንቀመጣለን። ለእኛ ብቻ የምትወጣ አፏ የተሸረፈች ጣሳ ነበረችው። ስሙን ሰጥቶ ዋንጫውን የሚከለክል ሰው ምን እንደሚባል እንጃ። አርባ ዓመት ቂም ያዝሁበት፤ ከሞተ በኋላም አልለቀቅሁትም።

«ደግሞ ማመልከቻ መጥቶብዎታል» አለች ሜሮን። «የአንዳርጋቸው ልጅ ነኝ የሚሉ፣ በላይ የሚባሉ ሰው ናቸው። አባቴ ይታገሱ የሚባል ልጅ የለውም፣ ካርዱ ፎርጅድ ነው ብለዋል።»

«የትምህርት ቤቱን መዝገብ አይታችሁ ንገሩኝ እንጂ።»

«መዝገቡ በጦርነቱ ጠፍቷል፣ ጋሼ። አሁን በእጃችን ያለው የሳቸው ቃልና የእርስዎ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከመታወቂያዎ ጋር አይገጥምም።»

የእኔ ቃልስ ብዬ ልጠይቃት ነበር። አልጠየቅሁም። ከመታወቂያዬ ጋር የሚገጥም ወረቀት እንዳመጣ አንድ ሳምንት ሰጠችኝ።

በማግስቱ ግራና ወረድሁ። በላይ የዛሬን አያድርገውና ልጅ እያለን አብረን ከብት ነድተናል፤ አሁን ሃምሳ አልፎታል። በር ላይ አስቁሞ አናገረኝ። ግባ አላለኝም፤ እኔም ይለኛል ብዬ አልሄድሁም።

«አያ በላይ፣ ካርዴን ፎርጅድ ነው ብለው የጻፉ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።»

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

«የመላኩ።»

«ካርድህ የማን ልጅ ይልሃል?»

«የአባትዎ።»

«እንግዲህ ከሁለታችን ማን ዋሸ?» አለና ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። «ስማ ይታገሱ። አዲስ የመሬት ደብተር ሊታደል ነው። አንተ ይታገሱ አንዳርጋቸው ነኝ ብለህ በዚያ ወረቀት አንድ ቢሮ ካሳመንህ፣ ነገ የአባቴን መሬት አካፍለኝ ብትል ማን ይከለክልሃል?»

መሬት። እግዜር ያውቃል፣ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ያን መሬት አስቤው አላውቅም። መሬቱን አልፈልግም ብዬ ልፈርምልዎ አልሁት። ወዲያው ሳቀ።

«ፈርም እንጂ። የአንዳርጋቸው ልጅ አይደለሁም ብለህ ፈርም። ከዚያ ካርዱን ይዘህ ሂድ።»

ቆሜ አሰብሁት። የአንዳርጋቸው ልጅ አይደለሁም ካልሁ ካርዱ የእኔ አይደለም። ነኝ ካልሁ መሬት ፈላጊ ነኝ። ካርዱ እውነተኛ እንዲሆን እኔ መዋሸት አለብኝ፤ እኔ እውነት ከተናገርሁ ደግሞ ካርዱ ውሸት ይሆናል። ወደ መርሳ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ሳወጣ ሳወርድ መውረጃዬን አልፌ ሲሪንቃ ደረስሁ።

ቤት ስገባ እናቴ አልታየች ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰማንያ አልፏታል፤ ጆሮዋ ግን ከእኔ ይሻላል። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ አንዳርጋቸውንም እንደ ልማዴ ረገምሁት። እጇን ከሰፌዱ ላይ አላነሳችም።

«ሙት አትርገም። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ላስመዘግብህ ስሄድ መምህሩ የሁለት ብረት ሠሪዎችን ልጆች ቦታ ሞልቷል ብሎ ከፊቴ መለሰ። ያባረራቸው ለምን እንደሆነ አጥቼው ነው? እኔ ተራዬ ሲደርስ የማን ልጅ ነው አለኝ። የአንዳርጋቸው አልሁት። በቃ።»

«አባቴስ?»

«ሰምቶ አንድ ወር አላናገረኝም። ኋላ ማታ ማታ ፊደል ስታነብ ሲሰማህ ታረቀኝ።»

«አንዳርጋቸው አያውቅም ነበር?»

«ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ስም ቢወስዱት አያልቅ አለኝ።»

«ጣሳዋስ? የተሸረፈችው ጣሳ?»

«እሷን ሚስቱ ናት የምታወጣት» አለች። አንዲት ጠጠር ለቅማ ጣለችና፣ «እሱም አልከለከላትም» አለች።

አርባ ዓመት የተቆጣሁት ባልሠራው ነገር ነው። በሠራውም ነገር ነው። ቂሙን ካንዱ ላንሳ ብል ወደ ማን ላዙረው፤ ምስር ወደምትለቅመው አሮጊት? እናቴ ቢሮ ሄዳ ትመስክርልኝ ብዬም አሰብሁ። ግን ምን ብላ ትመስክር፤ መዝገብ ላይ ዋሽቻለሁ ብላ? ሜሮን ይህን ብትጽፈው ካርዴ በውሸት የተገኘ ነው ተብሎ ያርፋል።

ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ያሬድ የሚባል ልጅ አለ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ይሠራል፤ ሌላም ይሠራል። በሚኒባስ ሄጄ የአባቴን ስም የያዘ ካርድ ሥራልኝ አልሁት። ካርዴን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አገላብጦ አየው።

«ፋዘር፣ ይኼ እኮ ኦሪጅናል ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው ችግሩ።»

«ሰው ፎርጅዱን ኦሪጅናል አድርግልኝ ብሎ ነው የሚመጣው። ኦሪጅናሉን ፎርጅድ አድርግልኝ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።» የሰው መሳቂያ መሆን ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ሥራው ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፉም ቀላል ነው። እኔን የሚያቅተኝ ደረቅ ማህተሙ ነው፤ ወረቀቱን ነክሶ ጉብ የሚያደርገው። እሱን ኮምፒውተር አያወጣውም። ብረት ሠሪ ነኝ አላልህም? ቅረጽልኝና ካርድህን በነፃ እሠራልሃለሁ።»

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ነሐሱን ያገኘሁት ከጦርነቱ ከተረፈ የመድፍ ቀለህ ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ እያረሰ ያወጣውና ያመጣልኛል። አቅልጬ ሁለት ፊት አፈሰስሁት፤ አንዱ የሚጎደጉድ፣ አንዱ ጉብ የሚል፤ ወረቀቱ መሀላቸው ገብቶ ይነከሳል። የስንዴ ፍሬ የሚያህል መሮ ሠራሁና ከእውነተኛው ካርዴ ማህተም ላይ ጣቴን እያስኬድሁ ፊደሉን በግልባጩ ቆፈርሁ። ትምህርት ቤቴን እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም። አባቴ ቢያየው ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ እጄን ይስም ነበር ወይ ይሰብረው ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ለማንም ላሳየው ግን አልችልም።

ያሬድ አንዴ ሞከረውና አፉን ያዘ።

«ፋዘር፣ አንተ እኮ ተበድለሃል።»

አዲስ ነገር የነገረኝ መስሎታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ።

«ስም፣ ይታገሱ መላኩ። አማካይ ስንት ልበልህ? ዘጠና?»

«ሰባ ስምንት።»

«እጅህ ላይ እያለ ማን ሰባ ስምንት ይጽፋል?»

«ያመጣሁት ሰባ ስምንት ነው» አልሁት። ከትከሻው በላይ ሆኜ እስኪጽፈው ድረስ ጠበቅሁ። ማህተሙ እሱ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ነሐስ ስንት ሰው ስምንተኛን እንዳለፈ አላውቅም።

ሜሮን አዲሱን ካርድ ተቀብላ ማህተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። መታወቂያዬን ከጎኑ አስቀምጣ አስተያየች።

«ይኸውልዎ ጋሼ። ይኼን መጀመሪያ ቢያመጡት ኖሮ ምን ያንከራትተን ነበር? ያኛውንስ ከየት ነው ያመጡት?»

«ከቤት» አልኋት።

«ይጣሉት። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መገኘት ያስከስሳል።»

በሦስተኛው ቀን ሼድ ቁጥር ሰባት ደረሰኝ። የምቀጠቅጥበትን መስፌን ተከልሁ፤ ወናፌን ሰቀልሁ። ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ደስ ያለው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሼዱ በእውነተኛው ስሜ ነው፤ ስሙ ያለው በውሸት ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ውጤት ግን እውነት ነው። ከዚህ ወዲያ ስቆጥረው ይጠፋብኛል።

በገበያ ቀን፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ በላይ ማረሻ በትከሻው ይዞ መጣ። በርጩማዬን ስቦ ተቀመጠ። የእሱ ቤተሰብ ማረሻ ሲልክ እንጂ መጥቶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

«ሰሌዳው ላይ አየሁህ» አለኝ። «ይታገሱ መላኩ። ጥሩ ስም ነው።»

«የአባቴ ስም ነው።»

«ካርዱስ? ከወዴት በቀለ?» መልስ አልጠበቀም። «እኔ ያኛውን ካርድ አውቀዋለሁ። ያገኘኸው ጊዜ አባቴ ተቀብሎህ መንደሩን ሁሉ ዞረበት። ልጄ ሰባ ስምንት አመጣ እያለ። እኔ በዚያው ዓመት ወድቄ ጋጣ ውስጥ ተደብቄአለሁ። የወለደኝ አባት በሌላ ሰው ልጅ ሲኮራ ሰምተህ ታውቃለህ?»

አንዳርጋቸው ካርዴን አንድ ቀን ተውሶኝ እንደነበር አስታወስሁ። ሊያዋርደኝ፣ ስሙ በትክክል መጻፉን ሊያይ የወሰደው መስሎኝ ነበር።

«አልሰማሁም» አልሁት።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ። «የት ነው ያለው?»

«ሣጥን ውስጥ።»

«አምጣው። እዚህ እሳት ላይ፣ እኔ እያየሁ አቃጥለው። አንተ ባትመጣብኝ ልጆችህ ይመጡብኛል። ደብተሩ ከመታደሉ በፊት ያ ወረቀት ከምድር ላይ ይጥፋልኝ። እምቢ ካልህ አሁን ተነስቼ፣ አዲሱ ካርድ የተሠራ ነው ብዬ ቢሮ እናገራለሁ። እዚህ ሼድ ደግሞ ሌላ ሰው ይገባበታል።»

«እርስዎ እኮ የመጀመሪያውን ነው ፎርጅድ ነው ብለው የጻፉ።»

«ታዲያ ፎርጅድ ከሆነ ምን ያሳሳሃል?»

ይህን ለመመለስ ከስምንተኛ በላይ መማር ሳያስፈልግ አይቀርም። ሣጥኑን ከፈትሁ። ካርዱ ጠርዙ ተበልቷል፤ ፎቶው ላይ ጸጉሬ እንደ ቁጥቋጦ ቆሟል። ሼዱን አየሁ፤ ካርዱን አየሁ። እናቴ የዋሸችለት፣ አባቴ ወር ሙሉ ያኮረፈበት፣ ያ ሰውዬ መንደር የዞረበት ወረቀት ነው። ይህ ካርድ የእኔ መሆኑን የሚያውቅ ከእናቴ ሌላ ምስክር የለኝም፤ ጠላቴ ከሆነው ከዚህ ሰው በቀር።

ከሰሉ ላይ አስቀምጬ ወናፉን አንዴ ነፋሁት። ቶሎ ያዘ። ጠቁሮ እንኳ ማህተሙ ጉብ ብሎ ይታይ ነበር። በላይ በርጩማው ላይ ጎንበስ ብሎ እስኪበተን ድረስ አየው። ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰና፣ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን፣ ትከሻዬን ያዘኝ።

«እንግዲህ ወንድሜ ነህ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ጭሱ ይሁን ሌላ አላውቅም።

ይቀልድ እንደሆነ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። የመላኩን ልጅ ይሁን፣ የአንዳርጋቸውን፣ ወይስ ሁለቱንም ያጣውን ሰው ወንድሜ ያለው፣ አልጠየቅሁትም።

«ማረሻው ይሹል?» አልሁት።

«ይሹል» አለ።

በጉጠት ይዤ እሳቱ ውስጥ ከተትሁት።