ጎይቶኦም ቡና ቤት ቀየረ

አስመራ ውስጥ ሰው ሚስቱን ቢፈታ አንድ ሰሞን ይወራል። ቡና ቤቱን ቢቀይር ግን ሽማግሌ ይላካል። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። ጎይቶኦም ደግሞ ገጀረት ሰፈር ተወልዶ፣ ገጀረት አግብቶ፣ ገጀረት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። "አላወቅኩም ነበር" ቢል ማን ያምነዋል? እያወቀ ነው የገባበት።

ጎይቶኦም ዕድሜውን የጨረሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው፤ ከጎዳይፍ ሓዝሓዝ፣ ከሓዝሓዝ ጎዳይፍ። ሾፌር ከተማውን ጠንቅቆ ያውቃል ይባላል። ወሬ ነው። ሾፌር የሚያውቀው በሩን ብቻ ነው። በየፌርማታው ሲቆም የቡና ቤት በር ወለል ብሎ ይታየዋል። ሰዎች ባንኮኒ ተደግፈው ይከራከራሉ፤ አንዱ ጢሙ ላይ የወተት አረፋ ተለጥፎበት ሳያውቅ ይስቃል፤ ማሽኑ እንፋሎቱን ይተፋል፤ የቡናው ሽታ በመስኮት ገብቶ አፍንጫውን ይጎትተዋል። ልክ በዚያ ሰዓት ከኋላ አንዱ "ኧረ ሾፌር፣ እዚህ ልናድር ነው እንዴ?" ይላል። በሩ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይሄዳል። ጎይቶኦም በልቡ "ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን እወርዳለሁ" ይል ነበር።

እስከዚያው የሚጠጣው ምስግና ዘንድ ብቻ ነው። የምስግና ቡና ቤት ከጎይቶኦም ቤት በስተጀርባ ያለች፣ አራት ጠረጴዛ እንኳ በመከራ የምትይዝ ጠባብ ቤት ነች። ምስግና ጎህ ሳይቀድ በሩን የሚከፍተው ለማንም ሳይሆን ለጎይቶኦም ብሎ ነው። "ሾፌር በባዶ ሆዱ ሰው አይጭንም" ይላል። የጎይቶኦም እናት ያረፉ ጊዜ ምስግና ቡና ቤቱን ዘግቶ ከለቀስተኛው ጋር ሰንብቷል። ወንድማማች ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል አይዋደዱም ነበር።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ጎይቶኦም ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ አውቶቡስ ያዘ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያልፈው የኖረው ፌርማታ ላይ ወረደ። የገባበት ቤት እናትና ልጅ የሚሠሩበት ነው። እናት ቡናውን ታወጣለች፣ ልጅ ወተቱን ታፈላለች፣ ሁለቱም በደንበኛ ፊት ሳያፍሩ ይጨቃጨቃሉ። ጎይቶኦም ሳይጠየቅ ለልጅቱ ፈረደላት። እናትየዋ ገላመጠችው፤ ወዲያው ግን ሳቀችና "አንተንስ ማን ዳኛ አደረገህ?" አለችው። ያን ቀን ከዚያ ቤት የወጣው ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ብስክሌት ጋላቢዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ሄደ። እዚያ ሰው ስለ ዳገት እንጂ ስለ ሌላ አያወራም፤ ትልልቅ ሰዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው የማን ባት ይበልጣል ይባባላሉ። አሮጌው ሲኒማ ቤት ሥር ያለው ሰፊ ቡና ቤትም ሄደ። የዚያ ቤት ቡና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያረረ ነው። ጎይቶኦም ግን ከሁሉም አብልጦ የተቀመጠው እዚያ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወንበሩ ጀርባ የሚያቅፍ፣ አሮጊቶች ኬካቸውን በሹካ እየቆረሱ ረጋ ብለው ሰው የሚያሙበት ቤት ነው። መጥፎ ቡና በጥሩ ቤት ይጠጣል፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው ቡና እንጂ ቡና ቤት አይወድም። ጎይቶኦም አዲስ በር በገፋ ቁጥር የአዲስ ዓመት ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ደስ ይለው ነበር።

ችግሩ ምስግና ነው። በመጀመሪያው ሰሞን "ምነው ትናንት ቀረህ?" ብሎ ጠየቀው። "ሌላ ቤት ጠጥቼ" ቢለው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጎይቶኦም ግን አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

"ጉልበቴን አሞኝ፣ አያ ምስግና።"

ምስግና በማግስቱ ከምጽዋ ያስመጣውን ቅባት በጠርሙስ ይዞ ቤቱ ድረስ መጣ። "ማታ ማታ እሸው፣ ብርድ አታስነካው" አለና የጎይቶኦምን ሱሪ በገዛ እጁ ገልቦ ጉልበቱን ዳበሰው። "እዚህ ጋ ነው?" ጎይቶኦም ዓይኑን በጨው አጥቦ "እ... እዚያ ጋ ነው" አለ።

ከዚያ ወዲህ ምስግና ዘንድ ሲሄድ ማነከስ ግድ ሆነበት። ሚስቱ ትርሓስ በመስኮት እያየች በሳቅ ትፈርሳለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ግራህን አልነበር እንዴ?"

"ዝም በይ፣ ይሰማሻል!"

"ይስማኝ እንጂ። ውሽማ የያዘ ሰው እንኳ እንዳንተ አይሳቀቅም። ሂድና ንገረው በቃ።"

"ቢቀየመኝስ?"

"ታዲያ መዞሩን ተወው።"

ይህንንም አልቻለም። መዞሩን ቢተው ያ ሁሉ በር በላዩ ላይ እንደገና ሊዘጋ ነው። ቢናገር ደግሞ ምስግናን ሊያጣ ነው። ሌሊት እየተገላበጠ ያስባል፣ ጠዋት ተነሥቶ አውቶቡስ ይሳፈራል።

ምስግና ምንም አልጠየቀም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ብቻ ቡና ቤቱን ማሳመር ጀመረ። አሮጌዎቹን ስኒዎች አንሥቶ ባለ ሰማያዊ መስመር ስኒዎች ደረደረ። ጠረጴዛዎቹን ቀለም ቀባ። በዚያ ዕድሜው አረፋው ላይ ልብ ልሣል ብሎ ሞከረ፤ የወጣለት ድንች ነው። ስኒውን ጎይቶኦም ፊት አስቀምጦ "ወጣቶቹ እንዲህ ያደርጋሉ አሉ" አለና እንዳፈረ ሰው ወደ ማሽኑ ዞረ። ጎይቶኦም ያን ድንች ትክ ብሎ አየው። "በጣም ያምራል" ብሎ ጠጣው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ብስክሌተኞቹ ዘንድ ጎይቶኦምን በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ያውም ሱሪውን ሰብስቦ ባቱን ሲያሳይ አይቶት መጣ። በዚያው ዕለት የተላጨ ሰው ሁሉ ሰማ። "ጎይቶኦም ቡና ቤት ቀየረ!" "ከምስግና ጋር ተኳርፈው ነው።" "በምን?" "በከባድ ነገር ነው እንጂ፣ ጎይቶኦም በትንሽ ነገር ይህን ያደርጋል?" ሳምንት ሳይሞላ ከባዱ ነገር በአራት ዓይነት ይወራ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቦይ ወልዳይ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ጎይቶኦምን ከነትርሓስ ወደ ራሳቸው ግቢ ጠሯቸው። አቦይ ወልዳይ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የመሬት ክርክር ያስታረቁ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጎይቶኦም ሲገባ ምስግና ከዛፉ ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከባንኮኒው ውጪ ሲያዩት እንዴት ያንሳል! ጎይቶኦም በድንጋጤ ማነከሱን ረሳው። ረስቶት ገብቶ፣ ግቢው መሃል ሲደርስ ትዝ ቢለው ማነከስ ጀመረ። ይህን ያላየ አልነበረም።

"ልጆቼ፣" አሉ አቦይ ወልዳይ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ፣ "ሰይጣን በመካከላችሁ ገብቷል። ተበዳይ ይናገር።"



"ኧረ አልተጣላንም፣ አቦይ" አለ ጎይቶኦም።

"አልተጣላንም" አለ ምስግናም።

አቦይ ወልዳይ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አያችሁ? ለመናገር እንኳ የከበደ ቂም ነው። የወንድሜን ልጆች ሳስታርቅ ቢያንስ ይሰዳደቡ ነበር።"

"በእናታችሁ!" አለች ትርሓስ፣ ትዕግሥቷ አልቆ። "አንተ፣ አትናገርም? ወይስ እኔ ልናገር?"

ጎይቶኦም ተነሣ። "ጉልበቴ ደኅና ነው" ሲል ጀመረ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ፌርማታዎቹን ተናገረ፣ እናትና ልጅቱን ተናገረ፣ ስለ ሲኒማ ቤቱ ያረረ ቡና ተናገረ። ሲናገር ፍርሃቱ እየለቀቀው፣ ደስታው እያሸነፈው ሄደ፤ አሮጊቶቹ ኬክ የሚቆርሱበትን አኳኋን በእጁ እስከማሳየት ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። የምስግናን ፊት ሲያይ ግን እጁን ሰበሰበ። "ትቀየመኛለህ ብዬ ነው የዋሸሁህ፣ አያ ምስግና። ያንተን የመሰለ አላገኘሁም። ለማወዳደርም አይደለም የምሄደው። ዝም ብዬ... ደስ ይለኛል።"



"ቅባቱንስ ምን አደረግከው?" አለ ምስግና።

ትርሓስ ቀደመችው። "የበራችንን ማጠፊያ ቀባንበት። እግዜር ይስጥህ፣ ከዚያ ወዲህ አይጮኽም።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ምስግና ግን አልሳቀም።

"ሌላ ቤት ስለጠጣህ አይደለም" አለ። "ለዚያ ብቀየም ምላሴ ይቆረጥ፣ ጠጣ። ጎይቶኦም፣ እኔ ከዚያ ባንኮኒ ወጥቼ አላውቅም። ሰው ሲመጣ እቀዳለሁ፣ ሲሄድ አጥባለሁ። አንተ ነህ ከተማውን የምታመጣልኝ። ጎዳይፍ በረዶ ጣለ፣ ሓዝሓዝ ሰርግ ነበር፣ እንዲህ ያለች አሮጊት ተሳፍራ እንዲህ አለችኝ እያልክ። በወሬህ ነበር የምዞረው። አሁን ይህን ሁሉ ጉድ እያየህ ትመጣና ለእኔ ጉልበቴን ብቻ ትነግረኛለህ።" እጁን በሱሪው ጠረገ። "ሰው ያፈላልኝን ማኪያቶ በዕድሜዬ አንድ ቀን ጠጥቼ አላውቅም። ሂድ ብትለኝ እምቢ እል ነበር? ና አላልከኝም እንጂ።"

ጎይቶኦም የወደደውን ሰው የበደለው በመሄዱ ሳይሆን ብቻውን በመሄዱ መሆኑ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቡ አልመጣም ነበር። ሄዶ ምስግና እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ምስግና ክንዱን ይዞ አስቀረው። "ተው፣ ጉልበትህን" አለው፤ ያኔ ግቢው ሁሉ ሳቀ።

"ነገ ና" አለ ጎይቶኦም። "ነገ አብረን እንሂድ።"

"ቡና ቤቱንስ?"

"ለቀብር ትዘጋው የለም እንዴ?" አሉ አቦይ ወልዳይ። "በሕይወት ላለ ሰውም አንድ ቀን ዝጋው። ፍርዳችን ይኸው ነው።"

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ አውቶቡስ ያዙ። ጎይቶኦም ወደ የትኛው ቤት እንደሚወስደው ሲጨነቅ አድሮ ነበር፤ በመጨረሻ እርሱም ገብቶበት የማያውቅ ቤት ይሻላል ብሎ ቆረጠ። እኩል እንግዳ ይሁኑ። ጥራቮሎ ሰፈር ወርደው አንዲት ወጣት ብቻዋን የምትሠራበት ትንሽ ቤት ገቡ።

ምስግና ደንበኛ መሆን አያውቅም። ቆሞ ቀረ። ሌሎች የጠጡበትን ባዶ ስኒ ሰብስቦ ባንኮኒው ላይ ደረደረ፤ ጠረጴዛውን በመሐረቡ መወልወል ጀመረ።

"አቦይ!" አለች ልጅቱ፣ "ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው የመጡት? ይቀመጡ እንጂ!"

ተቀመጠ። እጁን የሚያደርግበት ጠፋው፤ ጠረጴዛው ላይ አደረገው፣ ወደ ጭኑ መለሰው። ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ ድምፁን ሲሰማ መዞር ያምረውና ይተወዋል። ልጅቱ ስኒውን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፣ እጀታውን ወደ ቀኝ እጁ አዞረችለት። "ይጠጡ፣ ሳይበርድ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ምስግና ስኒውን አየው እንጂ ቶሎ አላነሣውም። ከዚያ በሁለት እጁ ያዘው፣ አንዴ ጠጣ፣ አስቀመጠው። ጎይቶኦም ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቃል። ወፍራም ነው ይላል፣ ቀጭን ነው ይላል፣ ወተቱ ተቃጥሏል ይላል ብሎ ነበር። ምስግና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

"ጎይቶኦም።"

"ወይ፣ አያ ምስግና።"

"ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ስቀዳላችሁ... እንዲህ ደስ ይላችሁ ነበር?"

ጎይቶኦም ወደ እርሱ ጠጋ አለ።

"በየቀኑ" አለው።