አባያ ዳርን በር ላይ ማን አስቀመጠው?

ወንድሜ ሳምሶን ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫው አልረጋለትም። ይነሳል፣ በመስኮት የአባያን ሐይቅ ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል።

"ኪንታሮት ያዘህ እንዴ?" አልኩት። አልሳቀም።

አይፈረድበትም። በኮምፒውተር ተመርቆ ሥራ ካጣ ቆይቷል። አሁን ሴቻ ሰፈር ያለ አንድ የሙዝ አምራች ማኅበራት ዩኒየን ለሙከራ ጠራው። ዛሬ የሠራውን ካልወደዱለት ነገ በማለዳው አውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። እሱ ከሄደ እኔ አለቀልኝ። ሰባተኛ ክፍልን ካቋረጥኩ ወዲህ እናቴ የምታወራኝ ስለ ባል ብቻ ነው፤ "ልጅቷን ተያት" የሚልልኝ ሳምሶን ነው። ስለዚህ ምሳውን ልያዝለት ብዬ ከጠዋቱ አብሬው ቢሮው ድረስ ሄጄ እዚያው ቀረሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሙዝ የሚገዛ ነጋዴ ሁሉ ለዩኒየኑ ኢሜይል ይጽፋል። የላንቴ ማኅበር ደብዳቤ ከአባያ ዳሩ፣ የዚህኛው ማኅበር ከዚያኛው ይደባለቃል። ለየማኅበሩ ፎልደር ይከፈት ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይከፍታል። የኛ ምሁር ግን ፕሮግራም ጻፈ፤ ፕሮግራሙ በኢንተርኔት በኩል ኢሜይሉ የሚቀመጥበትን፣ አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር "ፎልደር ክፈት" ብሎ ያዝዘዋል። ለወደፊቱም አዲስ ማኅበር በገባ ቁጥር ራሱ ይከፍታል።

"በእጅህ ብትከፍተው ኖሮ ይሄኔ ምሳህን በልተህ ነበር።"

"አንቺ ዝም ብለሽ ለሲዲኤምኤ ኢንተርኔቱ ጸልዪ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም እያለ ነው ያረፈደው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ እትዬ ሰናይት ሁለት ሊቀመንበሮች አስከትለው ገቡ፤ የላንቴው ጋሼ ኤርጫፎና የአባያ ዳሩ ማኅበር ጋሼ አበበ። ኔትወርኩ መጣ። ሳምሶን ፕሮግራሙን ለቀቀው። ስክሪኑ ላይ አንድ ፎልደር ብቻ ብቅ አለ፤ "አባያ ዳር" ይላል።

"ላንቴስ?" አሉ ጋሼ ኤርጫፎ።

ሳምሶን አባያ ዳርን ከፈተ። ውስጡ ሌላ ማኅበር አለ። እሱን ከፈተ፣ ውስጡ ሌላ። እንደ እንሰት ግንድ ቢልጠው ቢልጠው አያልቅም። ላንቴ የተገኘው መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ውስጥ ነው። የወንድሜ ጆሮ ቀላ።

"አንዱን ከከፈተ በኋላ ወጥቶ ሌላውን ከጎኑ እንዲከፍት ማዘዝ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። እዚያው ውስጥ ገብቶ ከፈተው" አለ። ማን ይስማው።

"ላንቴ ከመቼ ወዲህ ነው በአበበ ሥር የገባው?" አሉ ጋሼ ኤርጫፎ።

"እኔን ምን ትለኛለህ" አሉ ጋሼ አበበ ጢማቸውን እየዳበሱ፤ "ኮምፒውተሩን ጠይቀው።"

እትዬ ሰናይት ተነፈሱ። "ይብቃ ሳምሶን፣ ዝጋው።"

የነገው አውቶቡስ ዓይኔ ላይ መጣ። አፌ ቀደመኝ።

"ጋሼ ኤርጫፎ፣ ቤትዎ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ የት ነው የሚያስቀምጡት?"

"ወደ ውስጥ ነዋ።"

"በር ላይ የሚቀመጠውስ?"

"እሱማ ውሃ አምጣ የሚባለው ነው።"

"ታዲያ ላንቴ እኮ ሁሉን አልፎ ነው የገባው። በር ላይ ማን እንደቀረ እኔ አልናገርም።"

ጋሼ ኤርጫፎ ስክሪኑን ደግመው አዩት። ወንበር ስበው ተቀመጡ። የጋሼ አበበ እጅ ከጢማቸው ላይ ወረደ።

"እኔን ነው በር ላይ?"

"ኮምፒውተሩን ጠይቀው" አሉ ጋሼ ኤርጫፎ።

እነሱ ሲነታረኩ ሳምሶን አጎንብሶ ይጽፋል። የተሳሳተውን አጥፍቶ ፕሮግራሙን እንደገና ለቀቀው። ኔትወርኩ ቸር ሆነና ፎልደሮቹ በሙሉ እኩል ጎን ለጎን ተደረደሩ።

"እንዲህ ነው እንጂ" አሉ ጋሼ አበበ።

"ምኑ ነው እንዲህ?" ጋሼ ኤርጫፎ ከወንበሩ ተነሡ። "ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል? በሉ ወደ ቦታዬ መልሱኝ።"

እትዬ ሰናይት ግንባራቸውን ያዙ። "ሳምሶን፣ ከነገ ጀምሮ ሥራ ግባ። እነዚህን ሰዎች ብቻዬን አልችላቸውም። መጀመሪያ ጋሼ ኤርጫፎን ታሳምናለህ። ይቺን ግን ዳግመኛ እንዳታመጣት።"

ወደ ሰፈራችን ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሳምሶን አሁንም መቀመጫው አልረጋለትም። የተቀጠረ ሰው አይመስልም።

"ነገ ምን ብዬ ነው የማሳምናቸው?" አለኝ።

"እኔ ምን አገባኝ" አልኩት፤ "አትምጣ ተብያለሁ።"