ያልተሞላው ሰዓት

የሰዓቱ ድምፅ እንደጠፋ አሰፋሽ ልብ ያለችው ዘግይታ ነው፤ ቴፑን ሦስት ጊዜ ሰምታ፣ «እሰይ፣ አባባ ደህና ናቸው!» ብላ እልልታዋን ካቀለጠችው በኋላ።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ዘመኑ 1961 ነበር። ቴፑን ያደረሱላት አቶ ሣህሉ ናቸው፤ ስፖንጋ የሚኖሩ፣ በስቶክሆልም ካሉት ያገር ልጆች በዕድሜ የሚበልጡት። «ከአዲስ አበባ በሰው መጣ» አሉና ሳይቀመጡ ተመለሱ። ወንድሟ ይልቃል በደብዳቤ ፋንታ በአባታቸው ሳሎን ሆኖ የቀዳው ነው። «አባባ ደህና ናቸው። ተኝተው ነው እንጂ ያናግሩሽ ነበር» ይላል።

አሰፋሽ ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ባሏ ዘገየ፣ «አንቺ እኮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ነጠላ ታዘቀዝቂያለሽ» እያለ ይቀልድባታል። እሱ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነው። ብሬዴንግ ካለው ቤታቸው አንዷን ጓዳ ይዞ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫዎች ይሰበስባል፤ ዐሥራ አንድ ደርድሯል። ከሁሉም የሚወደው ግን ራሱ የሠራውን ነው፤ ኤሌክትሮስታቲክ ይለዋል። ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ በሁለት ወንፊት መሰል ብረቶች መካከል ወጥሮ ስድስት መቶ ቮልት ይሰድበታል። «በዚህ ከሰማሽ፣ ዘፋኙ ከንፈሩን ሲልስ ሳይቀር ትሰሚያለሽ።»

እውነቱን ነበር። ያለፈውን ፋሲካ ቴፕ በእሱ ሰምታ፣ ከአባቷ ድምፅ ጀርባ የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል አልቅሳለች። ያን ሰዓት እሑድ እሑድ አባቷ በእጃቸው ይሞሉታል፤ ሌላ ሰው መሙያውን አይነካም።

ይህን ቴፕ ግን ዘገየ በሳሎኑ ድምፅ ማጉያ ብቻ አሰማት። «ማዳመጫው ተበላሽቷል። እንዳትነኪው፣ ይገድልሻል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘገየ ሱቅ ሲሄድ አሰፋሽን አላስችል አላት። አባባ ተኝተው ከሆነ ማንኮራፋታቸው ይሰማ ይሆናል ብላ አሰበች። የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ፣ የአምስት ዓመት ልጇን ጽጌን በር ላይ አቆመቻት።

«ከወደቅሁ የጎረቤት በር አንኳኪ። እኔን ግን እንዳትነኪኝ።»

«ያ፣ ማማ» ብላ ጽጌ በስዊድንኛ እሺ አለች።

ማዳመጫው አልተበላሸም። ይልቃል ምራቁን ሲውጥ ሰማች። «አባባ» ከማለቱ በፊት ትንፋሹን ሲይዝ ሰማች። ማንኮራፋት የለም። የሰዓቱ ቀጭ ቀጭም የለም። ሳሎኑ ጭጭ ብሎ፣ እሷን መልሶ የሚያዳምጣት መሰላት።

ዘገየ ሲመለስ ጓንቷን አላወለቀችም።

«ሰዓቱ ቆሟል» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

«መቼ ነው?» አለች።

«አርባቸው ሊደርስ ነው። ‹አባባስ?› እያልሽ ደብዳቤ ስታበዢበት ይልቃል ግራ ገባው። ነገ ማለዳ አቶ ሣህሉ ከስፖንጋ፣ እነ ተክለ ማርያም ከሶደርተልየ ሊመጡ ነበር። መርዶው በወጉ ይሁን፣ ብቻዋን አትስማ አሉ።»

ብቻዋን ሰማች። ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች።

«እንደማውቅ እንዳትነግራቸው» አለች በመጨረሻ። «አቶ ሣህሉ አነጋገሩን ስንት ቀን ሲያወጡ ሲያወርዱት ከርመው ይሆናል። ደግሞ መንገዱ በረዶ ነው፤ ወድቀው እንዳይሰበሩ።»

«አሁንም አሰፋሽ?» አለ ዘገየ፤ ሊስቅ ፈልጎ እንባው ቀደመው።

ጽጌ ከተኛች በኋላ ወንበሮቹን ጥግ ጥጉን ደረደረች። ያገር ልጆች እስኪመጡ እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነከሰች። ዘገየ ጓዳ ገብቶ መሣሪያውን አጠፋው፤ የውስጥ አምፖሎቹ ፍም ቀስ እያለ ከሰመ።

ሌላ ቀን በሩን ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች። ዛሬ አንድ ጊዜ ቆለፈችው። ቁልፉ ቀጭ አለ። እጇን ሳታነሣ፣ ሁለተኛውን «ቀጭ» ስትጠብቅ ቆየች።