የውሃው በር

ግንበኛው አራተኛውን ረድፍ ብሎኬት ሊደረድር ጎንበስ ሲል የሙሽራው እናት ከኋላው መጥታ ቆመች።

"ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ቆየኝ።"

"እናቴ፣ የቦካው ሲሚንቶ ይደርቅብኛል" አለ ሳይዞር።

የሚደፍነው ከጎረቤት ግቢ የሚያስገባውን ትንሽ በር ነው። የእናትየው ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቦታውን ከጎረቤታቸው ከአሮጊቷ ሲገዛ የውሃው ጉድጓድ አብሮ መጣ። አሮጊቷም በውሉ ላይ አስጻፈች፤ በሩ አይዘጋም፣ እሷም ሆነች ከእሷ በኋላ ቤቷን የሚይዝ ሰው ገብቶ ይቀዳል፣ መቀርቀሪያውም በእሷ በኩል ይሆናል። ባልየው ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አሮጊቷ መቀርቀሪያዋን ቀጭ ታደርጋለች፣ "ቤቶች፣ እኔ ነኝ" ትላለች፣ ባልዲዋን ሞልታ ትመለሳለች።

አምና ሞተች። አንዲት ልጇ ሩቅ ናት፣ ለቀብር እንኳ አልደረሰችም። ቤቱ ባዶውን ቀረ።

አሁን ልጅየው ሊያገባ ነው። ለሙሽሮቹ ክፍል የሚበቃ ቦታ ያለው ደግሞ በዚያ በበሩ በኩል ብቻ ነው። በሩን ነቅሎ ማገዶው ላይ ጣለው። በሩ እዚያ ተጋድሞ ሳለ ግን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል። ትናንት እናትየው እያማተበች ወጥታ አየች። ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያደረቀው የጉድጓዱ አፍ ዙሪያውን እርጥብ ነበር።

ልጅየው ሜትሩን ይዞ ከጓዳ ወጣ። "እማዬ፣ ደግሞ ምን ተገኘ?"

"ጠበቃው ምን ነበር ያለህ?"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"ድገመው።"

አንገቱን አከከ። "ሰው ቢሞትም ውሉ ከቤቱ ጋር ይኖራል አለ። ግን ከሳሽ ከሌለ ማን ይጠይቃችኋል አለ።"

"ከሳሽማ በየማታው ይመጣል።"

"ነፋስ ነው እማዬ። ለነፋስ ብለሽ እኔን ኪራይ ቤት ልታስገቢኝ ነው?"

"አባትህ ፈርሟል።"

"አባዬም እኮ ሞቷል።"

"እሱን ነው የምልህ። እኛ እዚህ ስናፈርስ እሱ እዚያ ይጠየቃል።"

ልጅየው ሜትሩን ብሎኬቱ ላይ አስቀመጠ። "ይሁን። ሙሽራዬን ይዤ ሌላ ሰፈር እገባለሁ። አንቺም ከሟቿ አሮጊት ጋር ኑሪ" አለና ወጣ።

ግንበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። "ላፍርሰው እንዴ? ለማፍረሱም ያው የቀን ሒሳብ ነው እንግዲህ።"

"አፍርሰው ልጄ።"

ራሷ በሩን ከማገዶው መሃል እየጎተተች አመጣችለት። ግንበኛው ብሎኬቱን አነሳስቶ በሩን ገጠመና መቀርቀሪያውን በእጁ እንደያዘ ወደ ባዶው ግቢ ተመለከተ። ጀምበር ማዘቅዘቅ ጀምራለች።

"እናቴ፣ እንግዲህ ብቻዎን ነው የሚያድሩት። ይሄን ከውስጥ ልምታልዎት፣ ይቆልፉበታል።"

እናትየው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

"በነበረበት ምታው" አለች፤ "በእሷ በኩል።"