ከሰሊጥ በቀር

ዘሀቢያ የመድን ውሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አረቦን ስትቀበለኝ አንድ ቀን 'ይሄ አይሸፈንም' ብለኸኛል?"

የመድን ቢሮው ሠራተኛ አንዱዓለም ወረቀቱን አነሳ። "ውሉ ላይ አለ፣ እትዬ ዘሀቢያ። አረቦን የሚከፍሉት እዚህ ለተጻፈው አደጋ ብቻ ነው።"

ትናንት ጠዋት የሽንፋ መንገድ ላይ ትራክተሯ ከነተጎታቹ ተገልብጧል። ተጎታቹ ላይ አሥራ አራት የሰሊጥ አጫጆች ነበሩ። አሥራ ሦስቱ አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ። የአንዱ ግን እግሩ ደቋል፤ ጎንደር ሄዶ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይቆረጣል ተብሏል።

"ሦስተኛ ወገን እያላችሁ በየዓመቱ የምታስከፍሉኝስ?"

"ሦስተኛ ወገን ማለት ከተሽከርካሪው ውጭ ያለ ሰው ነው። መንገደኛ ቢገጭ እንከፍል ነበር። ይሄኛው ተጭኖ ነው የተጎዳው።"

"ሙሉ ሽፋን ነው ብለኸኝ የለም እንዴ!"

"ለትራክተሩ ነዋ። እሱም ሰው ካልጫነ። ጠይቄዎት ነበር እኮ።"

እውነቱን ነው፣ ጠይቋት ነበር። ሰው ይጭናል ብትል አረቦኑ ይጨምርባታል፤ "ከሰሊጥ በቀር ምንም አይጭንም" ብላ ፈረመች። ደግሞም ስትፈርም የዋሸች አልመሰላትም። በዚህ ቆላ ሳሉግ፣ ያ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በተጎታች ታጭቆ ነው እርሻ የሚደርሰው፤ ሰው ጫንኩ የሚል ባለእርሻ ግን የለም። ይህ ትዝ ሲላት ይብስ ተናደደች።

አንዱዓለም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትራክተሩን ማትረፍ ይቻላል። 'ሳላውቅ ተንጠልጥሎ ነው' ብለው ይሙሉ። እርስዎ ከኪስዎ የሚሸፍኑትን ትንሽ ድርሻ ቀንሰን የጥገናውን እንከፍላለን።"

"ሰውየውስ?"

"ሳይፈቀድለት ከወጣ ማን ይጠየቅለታል?"

ቅጹን ሳበችው። 'የተጎጂው ሙሉ ስም' ይላል። አታውቀውም። ሆስፒታል ወዳለው ሾፌሯ ወደ በሽር ደወለች።

"እግሩ የተጎዳው ስሙ ማነው?"

"ሳሉጉ?"

"እናቱ ስም አላወጣችለትም? ጠይቀው!"

ጥቂት ቆይቶ፣ "ማተቤ ስንሻው ነኝ ይላል። ደሞ እትዬ፣ 'የትናንቱ የቀን ሒሳቤ ይቆረጥብኛል ወይ' እያለ ነው።"

ዘሀቢያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በንዴት ጠረገችው።

"ወላሂ አይቆረጥበትም በለው! መኪና ፈልግ፣ ጎንደር ይዤው እሄዳለሁ። ነጋዴውን ኸሊፋንም ጥራልኝ፤ ዋጋ እስኪወጣ ያስቀመጥኩትን የአምናውን ሰሊጥ ባለው ዋጋ ይውሰደው።"

ስሙን ጻፈች። ከሥሩ 'ተጎታቹ የጫነው' ከሚለው ፊት አንዱዓለም ቀድሞ 'ሰሊጥ' ብሎ ሞልቶታል።

"እትዬ፣ ትራክተሩን ያጡታል!"

"ዝም በል!"

'ሰሊጥ' የሚለውን ሰረዘችና "አሥራ አራት ሰው፤ የጫንኳቸው እኔ ነኝ" ብላ ፈረመች።